ክር ፈቺው ምናላት

ሌላ ሰው ሲስቅ የሚስቀው ፊቱ ነው። ምናላት ሲስቅ ግን ትከሻው፣ ጆሮው፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሳይቀር አብሮ ይስቃል። ስሙን እናቱ አላወጣችለትም። ከባድ ነገር በገጠመው ቁጥር «ምን አላት» ብሎ ስለሚጀምር ሠፈርተኛው ያወጣለት ነው። ቁም ሣጥን ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት ነው? ምን አላት። የተደፈነ ቱቦ መክፈት? ምን አላት። የተኳረፉ ባልና ሚስት ማስታረቅ? እሷማ ምን አላት። ቁም ሣጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ቢያድር፣ ቱቦው ቢፈነዳ፣ ባልና ሚስቱ በአንድ ቃል ሆነው እሱኑ ቢሰድቡት እንኳ በማግስቱ ፊቱ እንደ አዲስ በርቶ ይወጣል።

ይህ ብዙም አይገርምም፤ በየሠፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የሚገርመው እንዲህ ያለ ሰው መድከሙ ነው። አርባን ከተሻገረ ወዲህ ምሽት ላይ ቤቱ ሲገባ ከእግሩ ይልቅ የሚዝለው ጉንጩ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይልና በሁለት መዳፉ ፊቱን ከላይ ወደ ታች ያሸዋል፤ ተወጥሮ የዋለ ድንኳን የሚያወርድ ነው የሚመስለው። ባለቤቱ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው ቤቱን የምትደግፈው። ከካውያዋ ቀና ሳትል ታየዋለች።

«አውርደው» ትለዋለች፤ «እዚህ ቤት ማንም ካንተ አይገዛም።»

እሱም ያወርደዋል። ያን ጊዜ ከሥር ሌላ ፊት ይወጣል፤ ዝም ያለ፣ ትንሽ ያረጀ፣ ምንም የማይሸጥ። ትንሿ ልጃቸው አንድ ቀን ያንን ፊት አይታ «አባዬ አሞታል?» ብላ ጠየቀች።

«አላመመውም» አለች እናቷ፤ «ከሥራ ገብቶ ነው።»

ሥራ ስትል ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ ወሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ምናላትን ያየ ሁሉ የሚመክረው ምክር አንድ ነበር። «ፊትህ ብሩህ ነው፤ አንተ ከሰው ጋር ነው መሥራት ያለብህ።» ስለዚህም ሁልጊዜ ከሰው ፊት ያስቀምጡታል። ክሊኒክ በር ላይ ሕመምተኛ ተቀባይ ሆነ። «ሐኪሙ አሁን ይደርሳል፤ መንገድ ላይ ነው» ይላቸዋል፤ ሐኪሙ ከከተማ ወጥቷል። ሰዎቹ ምሳ ሳይበሉ፣ ሌላ ክሊኒክ ሳይሄዱ፣ የእሱን ፊት እያዩ ይውላሉ። ከዚያ አውቶቡስ መናኸሪያ ቲኬት ቆረጠ፤ ያልመጣውን አውቶቡስ መጣ፣ የተበላሸውን ተጠገነ እያለ ሰዉን ከነሻንጣው ፀሐይ ላይ አቆመው። ከዚያ ቤት አከራይ ደላላ ዘንድ ገባ። «ይቺ ጣሪያ የምታፈሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሷም ምን አላት» ብሎ ያስገባው ተከራይ ክረምቱ ሲጋመስ ውሃ የሞላ ባልዲ ተሸክሞ ቢሮ ድረስ መጣ። «ይኸው፣ አንዱ ቦታ» አለና ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

ውሸታም ነው እንዳይባል ውሸታም አይደለም። ውሸታም ሰው እውነቱን ያውቃል። ምናላት ግን ሐኪሙ መንገድ ላይ መሆኑን፣ አውቶቡሱ መነሣቱን፣ ጣሪያው እንደሚደርቅ ከልቡ ያምን ነበር። የሰው የጨነቀው ፊት ሲያይ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይሞቅና ቃል ሆኖ በአፉ ይወጣል። ሲያስነጥሰው ማቆም እንደማይችል ሁሉ ይህንንም ማቆም አይችልም።

አንድ ሹራብ ፋብሪካ ሲቀጥረው ሚስቱ እንደ ወትሮው እልል አላለችም። ወንድሟ በሌላ ከተማ ብሎኬት ማምረቻ አለው። ከግቢው ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ባዶውን ተቀምጧል። «ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ እሱንም ዘበኛ አደርገዋለሁ» ካላት ከራርሟል። የሰው ሱሪ እየተኮሰች፣ ዓይኗን ከእንፋሎቱ ሳታነሣ ነገረችው።

«ይሄንንም ካጣህ እኔ ሄጃለሁ። ልጆቹንም ይዤ ነው። መከተል አለመከተል ያንተ ነው።»

አልጮኸችም። ጮኻ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ጩኸት ይበርዳል። የወንድሟን ግቢ አሰበው፤ ልጆቹ የአጎታቸውን ሚስት ፊት እያዩ ሲበሉ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ለብሎኬት ጫኝ ሹፌር ሁሉ ሲስቅ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን አላት ለማለት አፉ አልታዘዝ አለው።

ፋብሪካ ይባል እንጂ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። ሴቶቹ በመደዳ ቆመው ማሽኑን በእጃቸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋሉ፤ ሽር፣ ሽር፣ ሽር ይላል፤ ከሥሩም ሹራቡ እንደ ምላስ እየረዘመ ይወርዳል። አየሩ ላይ ብናኝ ይንሳፈፋል። መስኮቱ ጋ የቆመች ሠራተኛ ቅንድብ ላይ ብናኙ አርፎ ፀሐይ ሲመታው የምታበራ ትመስላለች፤ እሷ ግን ወገቧን ይዛ የምሳ ሰዓት እየጠበቀች ነው። የፋብሪካውን ባለቤት ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በደንብ እንዳልተኙ ከዓይናቸው ሥር ይታያል። እሳቸውም እንደ ሌላው ሁሉ ምናላትን አዩና ፊት ለፊት፣ ትዕዛዝ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ አንድ ርእሰ መምህር መጡ። ትምህርት ቤታቸው የደንብ ልብሱን ቀይሯል። ወይን ጠጅ ሹራብ፣ ለትንሹም ለትልቁም። ሰውየው ቀጭን ናቸው፤ ኮሌታቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቷል፤ እያወሩ እጃቸውን ያሻሻሉ።

«ለመክፈቻው ቀን ይደርሳል?»

እትዬ አልነበሩም። ምናላት የሰውየውን ፊት አየ። ደረቱ ሞቀ።

«ምን አላት ጌታዬ። ልጆቹ ለብሰው ይገባሉ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ርእሰ መምህሩ ትንፋሻቸውን ለቀው እጁን ጨብጠው ሄዱ። ከኋላ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ማጠንጠኛው ላይ የተቀመጠችው ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች። ክሩን ከቱባ ወደ ልቃቂት የምታዞረው እሷ ናት። ስቃ ስለማታውቅ ኮስትሬ ይሏታል።

«ሁሉም ነው ያልከው ወይስ ጆሮዬ ነው?»

«ሁሉም ነው እታለም።»

«በማን እጅ?»

«በእናንተ ነዋ። እጃችሁ ወርቅ አይደል?»

«ወርቅ ከሆነ ሸጠህ ማሽን ጨምርልን» አለችና ወደ ማጠንጠኛ ጎማዋ ተመለሰች።

እትዬ ሲሰሙ ቆሽታቸው አረረ። ቃሉ ግን ወጥቷል። ሴቶቹ በማለዳ እየገቡ አምሽተው መውጣት ጀመሩ። የማሽኑ ድምፅ ራሱ ተለወጠ፤ ሽር ማለቱን ትቶ እየተጎተተ ይሄድ ጀመር። አንዷ ቆማ እያለች እንቅልፍ ወስዷት ግንባሯን ማሽኑ ላይ አጋጨች። ምናላት ሻይ አመጣላቸው፤ ቀልድ ነገራቸው። ማንም አልሳቀም። እሱ የተናገራት አንዲት ቃል ስንት ወገብ እንዳጎበጠች እያየ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ መቀመጥ አቃተው። ልርዳ አለ ለራሱ። ምን ልርዳ?

ክሩ ከሚነከርበት ቀለም ቤት የሚመጣው በቱባ ነው። ቱባ ማለት ክንድ የሚያህል፣ እንደ ሰፊ ቀለበት የዞረ የክር እስር ነው፤ እንዳይበታተን እዚህም እዚያም በትንንሽ ነጭ ክሮች ይታሰራል። ኮስትሬ አንዱን ቱባ ታነሣለች፣ ጎማው ላይ ትዘረጋዋለች፣ ነጫጮቹን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ፈልጋ ትቆርጣለች፣ ጫፉን ታገኛለች፣ ከዚያ ነው የምታዞረው። ምናላት በሩቅ ሆኖ ሲያያት ክሩን ከማዞር ይልቅ ማሰሪያ ፍለጋው ጊዜዋን የሚበላባት መሰለው።

ለምሳ ሲወጡ አዳራሹ ጭር አለ። ለእጅጌ የተቀመጠው ክር ሁሉ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ወይን ጠጅ መጋረጃ ይመስላል። መቀስ አነሣ። ነጫጮቹን ማሰሪያዎች ሁሉ፣ አንድም ሳይቀረው፣ ቆረጠ። ሲመለሱ ማዞር ብቻ ይቀራቸዋል። ያንንም ለማቅለል ቱባዎቹን ከገመዱ አውርዶ፣ ከማጠንጠኛው አጠገብ ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቆ ጠቅጥቆ አስቀመጠላቸው። ደስ ብሎት የራሱን ምሳ ረሳ።

ኮስትሬ ተመልሳ እጇን ጆንያው ውስጥ ሰደደች። አንዱን ሳበች። ሁሉም መጣ።

እጇን ሳታወጣ ቀና ብላ አየችው።

«ማሰሪያዎቹስ?»

«ቆረጥኳቸው። ጊዜ እንዳይበሉባችሁ ብዬ።»

«ጎማው ላይ ሳይወጡ?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አልሰደበችውም። ከጆንያው የወጣው ነገር ጭኗ ላይ ተከምሮ፣ ውሉ ጠፍቶ፣ ሲነኩት የሚንቀሳቀስ ሕይወት ያለው ነገር መሰለ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ከበቡት። አንዷ አፏን በእጇ ከደነች፤ ሌላዋ «እኔ እኮ ልጄን ሳላይ ነው የምወጣው» አለች፤ ለማንም አልነበረም።

እትዬ ቀለም ቤቱ ጋ ደወሉ። የቀለም ቤቱ ሰው የሚነግራቸውን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ደወሉ። ክር በአንድ በርሜል አብሮ ካልተነከረ መልኩ አይገጥምም። አዲስ ይነከር ቢባል የሹራቡ አካል አንድ ወይን ጠጅ፣ እጅጌው ሌላ ወይን ጠጅ ይሆናል። ስልኩን አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ለጋራዥ ነው» አሉ ክምሩን እያዩ፤ «ዘይት ይጥረጉበት። አንተም አብረኸው ውጣ።»

ምናላት ወደ ክምሩ ተጠጋ። የብሎኬት ማምረቻው በር ዓይኑ ላይ መጣ።

«እትዬ፣ ልፍታው።»

«ምኑን?»

«ክሩን። ምን አላ...»

እጃቸውን አነሡ። «እንዳትላት። ያቺን ቃል እዚህ ቤት እንዳትላት።»

ቃሉን ዋጠው። እሳቸው መነጽራቸውን በልብሳቸው ጫፍ ወለወሉ። ማሽኖቹ ሥራ ፈትተው ስለማያውቁ ዝምታው ለሁሉም እንግዳ ሆነ።

«ሴቶቹ አካሉን እየሠሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አካሉ እስኪያልቅ የእጅጌውን ክር ካመጣህ አመጣህ። ካላመጣህ እኔን መሰናበት አያስፈልግህም፣ በሩን ታውቀዋለህ።»

የዚያን ቀን ምሽት ለባለቤቱ ሳይደብቅ ነገራት። ካውያዋን አቆመችና ሰማችው። ሲጨርስ፣ ከልማዱ የተነሣ፣ «ይፈታል እኮ» አለ።

«ሁሌም ይፈታል» አለች። «ሁሌም ይደርሳል፣ ሁሌም ይሻላል። አንተ ተስፋ ታደርጋለህ፤ የምንጠብቀው ግን እኛ ነን። እሱ ነው የደከመኝ። ድህነቱ አይደለም።»

ካውያውን አነሣች፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለው መጋዘን አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። ወለሉ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፎ ክምሩን ዘረጋው፤ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠና አንድ ጫፍ ያዘ። ሳበው። ከወዲያ ጫፍ አንድ ነገር ጠበቀ። የበለጠ ሳበው። የበለጠ ጠበቀ። ኮስትሬ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ቆየች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየፈታሁ።»

«እያነቅኸው ነው። ክር ሲጎትቱት ይፈራል። አስፋው። እጅህን አስገባና አየር ስጠው፤ ራሱ ያሳይሃል።»

«እታለም፣ ትረጂኛለሽ?»

«እኔ? እኔማ ያንተን ‹ሁሉም› ላደርስ ማሽን ልግፋ» አለችና ሄደች።

አሰፋው። ጣቶቹን ክምሩ ውስጥ እየከተተ እንደ ወፍ ጎጆ ከፈተው። ጫፉ በአንድ ቀዳዳ ሾልኮ፣ በሌላው ተመልሶ፣ ከሥር አልፎ የት እንደገባ ማየት ጀመረ። ክንድ የሚያህል ተለቀቀለት፤ ተጠቀለለ፤ ቆመ። ከዚህች ቋጠሮ በኋላ ይፈሳል አለ በልቡ። አለፋት። ትንሽ ፈሰሰ። ቆመ። ይቺኛዋ ናት የመጨረሻዋ። አልነበረችም። ያቺኛዋ ናት። እሷም አልነበረችም። እንዲህ እንዲህ እያለ መስኮቷ ላይ የነበረው ብርሃን ግድግዳውን አቋርጦ ጥጉ ላይ ሲደርስ፣ ምናላት የቡጢ ያህል ልቃቂት እጁ ላይ ይዞ ነበር።

በሌላ ቀን ነው ነገሩ የገባው፤ ያውም ቀስ ብሎ። ጀርባው እንደ ዘነዘና ደርቆ፣ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆረው፣ «አሁን ይለቃል» ሲል ራሱን ሰማ። ድምፅ አውጥቶ ነበር የተናገረው። አልለቀቀም። ምናላትም የሚመጣውን ጠበቀ፤ የሆነ ሰው የሆነ ቦታ ይህን ቃል ይዞ ቁጭ ብሎ እንደሚውል፣ ፊቱ እንደሚጠቁር፣ ባልዲ ይዞ እንደሚመጣ። ማንም አልመጣም። መጋዘኑ ውስጥ ያሉት እሱና ክሩ ብቻ ናቸው። ክሩ ደግሞ አያምነውም፣ አይጠብቀውም፣ አይቀየመውም። ዕድሜውን ሙሉ በየሰው ላይ ሲያፈሰው የኖረው ያ ሙቀት እዚህ ማንንም ሳያቃጥል ጣቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሥራ በሁለተኛው ቋጠሮ ጥሎት ይወጣ ነበር፤ ለመቀጠል የሚቀጥለው ቋጠሮ የመጨረሻው ነው ብሎ ማመን ግድ ነው፤ ደጋግሞ፣ ሳያፍር። ምናላት ከዚህ ሌላ ምን ያውቃል?

ቤቱ ሲገባ ጣቶቹ ወይን ጠጅ ሆነዋል፤ አንገቱ አይዞርም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ፊቱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። የሚያወርደው ነገር አልነበረም። ባለቤቱ አየችው።

የሹራቡ አካል ሊያልቅ ሲል፣ የትምህርት ቤቱም መክፈቻ ሲቃረብ፣ ኮስትሬ መጋዘኑ በር ላይ መጣች።

«ሰውየህ መጥቷል። እትዬ ቀለም ቤት ናቸው፤ ጠብቅ ብዬው እምቢ አለ። ያን ሳቂታ ጥሩልኝ ነው የሚለው። በደንብ አስለምደኸዋል።»

ምናላት ቀና ሲል ወገቡ ተንቋቋ። በአዳራሹ መሐል ሲያልፍ ሴቶቹ ማሽናቸውን ሳያቆሙ በዓይናቸው ተከተሉት። ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛው ጋ ቆመው እጃቸውን ያሻሻሉ።

«አለህልኝ። መኪና ላዘጋጅ ነው፤ መቼ ልላክ?»

ያው ፊት ነው፤ የጨነቀው፣ ተስፋ የለመነ። ደረቱ ሞቀ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ይህን ያህል ቀን ከቋጠሮ ጋር የዋለው ጣቱ ግን መጎተቱን እምቢ አለ።

«ጌታዬ፣ ሁሉም አይደርስም።»

ሰውየው ያልሰሙ ያህል ፈገግታቸው ለጥቂት ፊታቸው ላይ ቀረ። «ይደርሳል ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ለወላጆች ተናግሬያለሁ። ስብሰባ ላይ፣ ቆሜ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ክሩ የተበላሸው በኔ እጅ ነው። የትንንሾቹ ይደርሳል፤ የፈታሁት ለእነሱ እጅጌ ይበቃል፣ ነክቼው ነው የምነግርዎት። የትልልቆቹ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም።»

ርእሰ መምህሩ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከአዳራሹ የማሽኖቹ ድምፅ ይሰማል።

«መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትለኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ «የትንንሾቹን ብቻ አዝዝ ነበር። ማንም ምንም አይለኝም ነበር።»

«ልክ ነዎት።»

ተነሡ። እጁን አልጨበጡም። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «የትንንሾቹን አደራ» አሉት። ያቺ አደራ ከስድብ ይልቅ ከበደችው። ቃል ብትሆን ኖሮ ይሸሻት ነበር፤ ሥራ ሆና መጣች፤ ወደ መጋዘኑ ይዟት ተመለሰ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ትንንሾቹን መንገድ ላይ አያቸው። እጅጌያቸው ረዝሞባቸው ጣታቸው አይታይም። ሌላ ሰው ሕፃናት ያያል፤ እሱ ያየው እየተራመደ የሚሄድ ክር ነው። ያችን እጅጌው ጫፍ ላይ ያለችውን ክር ያውቃታል፣ ስታስለቅሰው የዋለች ናት። ይህ ሁሉ ቋጠሮ እንደነበር ማን ያምናል? ቆሞ ሊያያቸው ፈልጎ ነበር፤ እግሩ ስለዛለ ግን አጥር ተደግፎ ነው ያያቸው። ከኋላቸው ትልልቆቹ በአሮጌው ልብሳቸው ይመጣሉ።

የትልልቆቹ እጅጌ ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየ። መጨረሻ ላይ የሕፃን ራስ የምታህል ቋጠሮ ቀርታ በምንም እምቢ አለች፤ እሷን ኮስትሬ በመቀስ ቆርጣ ጣለቻት። ርእሰ መምህሩ ቀሪውን በሌላ ሰው አስወሰዱት። ራሳቸው አልመጡም።

እትዬ መጋዘኑ ድረስ መጡ። ምናላት ከሣጥኑ ላይ ተነሣ። ሥራው በተባለው ጊዜ አላለቀም፤ በሩን ያውቀዋል። ጃኬቱን ለማንሣት እጁን ዘረጋ።

«የት ልትሄድ ነው?» አሉ እትዬ፤ ቁልፍ አውጥተው የመጋዘኑን የውስጥ በር ከፈቱ። ጆንያ በጆንያ ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሁሉም ክር ነው፤ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ የተረሳ አረንጓዴ፤ ሁሉም ውሉ የጠፋ።

«በየዓመቱ እዚህ አስገባዋለሁ» አሉ። «ለጋራዥ ልስጠው እላለሁ፣ አንጀቴ እምቢ ይለኛል። የሚፈታው ሰው ግን አላገኘሁም። ሁሉም ጀምሮ ይጥለዋል።»

ምናላት ጆንያዎቹን አየ። ሳቅ አልመጣለትም፤ ጣቶቹ ብቻ በራሳቸው ተንቀሳቀሱ።

«ፊት ለፊት አትቀመጥም» አሉ እትዬ። «ደንበኛ አታናግርም። ጠዋት በጓሮ ነው የምትገባው። ደሞዝህ ያው ነው። ትልቅ ሰው ሆነህ ክር ስትፈታ ሰው ይስቅብሃል፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል።»

«እሺ እትዬ።»

«ደስ አለህ እንዴ?»

ራሱን መረመረ። «ደክሞኛል» አለ። «ግን እኔ ልፍታው።»

ኮስትሬ ከማጠንጠኛዋ ሆና ሰምታለች። «ለካ ክር ስናጠላልፍ የኖርነው ላንተ ነው» አለች፤ አልሳቀችም፤ ምናላት ግን የሳቀች ያህል ቆጠረላት።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። ነገራት፤ የጓሮውን በር፣ ጆንያውን፣ ጣሪያ መንካቱን።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«አላውቅም።»

አጣጥፋ የያዘችውን ሸሚዝ ደረቷ ላይ እንዳለ ተወችው። ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«አላውቅም?»

«ብዙ ነው። አንዳንዱ የሚፈታም አይመስለኝም። ግን ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። እሱን ነው የማውቀው።»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሸሚዙን ከሌሎቹ ላይ አኑራ ስልኳን አነሣችና ወደ መስኮቱ ዞረች። ምናላት አንድ ጫማውን እንዳወለቀ ትራሱ ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ እንቅልፍና ድምፅዋ ተቀላቅለው ይመጡበታል። ወንድሟን ሰላም አለችው፤ የሚስቱን ጤና፣ የብሎኬቱን ገበያ ጠየቀችው። ከዚያ እሱን ሰማችው።

«አይ፣ ቤቱን አከራየው» አለች። «አንመጣም።»

ከወዲያ የሚናገረው ረጅም ነበር። እስኪጨርስ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ጠበቀች።

«ይሻላል ያለው እሱ አይደለም» አለች። «እሱማ አላውቅም ነው የሚለው። እኔ ነኝ ያልኩት።»